አንድ መስመር

ቅጹ ስድስት ገጽ ነው፤ ከሁሉ በፊቱ
«የመዝጊያ ምክንያት» ይላል፤ አንድ መስመር ነው ስፋቱ።
ዶክተር ነጂብ እስክርቢቶ አንስቶ፣
ጣቱ ተንቀጥቅጦ፣ ጭረት ብቻ ትቶ፣
መልሶ አኖረው።
«አንቺ ጻፊው፣ ዘርትሁን፤
ምክንያቱን አይተሽው የለ አሁን?»

አልጻፍኩም። ለመጨረሻ ይቆይ ብዬ ተውኩት።

ጤና ቢሮ ሄድኩ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣
በከዚራ ዛፎች ጥላ፣ በዝግታ።
ሰውየው ጣቱን እያጠፈ ነገረኝ በተርታ፦
ሠላሳ ቀን በር ላይ ማስታወቂያ፣
ካርድ ለባለቤቱ፣ በፊርማ መረከቢያ፣
ጊዜው ያለፈ መድኃኒት በኮሚቴ ይወገዳል፣
ማህተም ይመለሳል፣ ፈቃድ ይመለሳል፣
ከገቢዎች ክሊራንስ…
አምስቱ ጣት አለቀና
ወደ ግራ እጁ ተሻገረ፤ ገና ነው፣ ገና።

«ከሰዓት ልምጣ?» ብለው ሳቀብኝ።
ድሬ ከስድስት ሰዓት በኋላ ሁሉን ትዘጋለች፣
ያለ ቅጽ፣ ያለ ማህተም፣
ሙቀቱ ብቻ ፈርሞላት።

ማስታወቂያውን በሦስት ቋንቋ ለጠፍኩ።
የጎረቤት ፍየል ሶማልኛውን በላችው፤
ከፍ አድርጌ ደግሜ ለጠፍኩት።

ሰው መምጣት ጀመረ፣ እንደ ለቅሶ ቤት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።
ሮብሌ፣ የአሸዋው ልብስ ሻጭ፣ ማንበብ የማይችለው፣
ካርዱን ገልጦ ገልጦ፣ በመዳፉ መዘነው፤
«ይህ ሁሉ እኔ ነኝ?» አለኝ።

መፍቱሃ ከገንደ ቆሬ፣ የሦስት ልጆቿን ካርድ
ወስዳ፣ ፈርማ፣ ከደጃፉ ሳትራመድ
ተመለሰች። «የአራተኛውስ?» አለች፣
ያንን፣ ደቻቱ የሞላ ሌሊት የሄደውን።
ፈልጌ ሰጠኋት።
መመሪያው ስለ ሞቱት ምንም አይልም፤
እኔም ሄጄ አልጠየቅኩም።

መድኃኒቱን ቆጠርን፣ ፍሬ በፍሬ፣ ከኮሚቴው ጋራ።
ከሳቢያን ማዶ ጉድጓድ ውስጥ ሽሮፑ ሲነድ
ሜዳው ሁሉ ስኳር ስኳር ሸተተ።
ልጆች ከሩቅ ቆመው ምራቃቸውን ዋጡ።
ዶክተር ነጂብ ከጎኔ ነበር፣
ሁለት እጁን ኪሱ ውስጥ ደብቆ።

ሁለት መቶ አሥራ አንድ ካርድ ባለቤት አጥቶ ቀረ፤
በባጃጅ ጫንኩት፣ ሳጥኑ በገመድ ታሰረ።
ሰውየው ቅጹን አገላብጦ፣ «ሁሉም ተሟልቷል» አለ፣
«ይህቺ መስመር ብቻ ባዶ ናት።»
ጻፍኩ፦ «እጁ።»
«አይበቃም፤ ይብራራ።»

ቀና ብዬ አየሁት።
ቅንድቡ ላይ ያለውን ስፌት አውቀዋለሁ፤
ሰባት ነው። መብራት የጠፋ ሌሊት ነበር፣
ባትሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ።