ብረት አልባ ቤት

ሚጽፔ ራሞን፣ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ምስማር የሌላት ቤት አለች፤
በሯ በገመድ ይታሰራል፣ በእንጨት ሽብልቅ ቆማለች።
ከመግባቴ በፊት ቁልፌን፣ ሰዓቴን፣ የፀጉሬን መርፌ
ጣሳ ውስጥ እተዋለሁ፣ ከሩቅ ድንጋይ ሥር፣ አራግፌ።
ሥራዬ፣ ምድር የታጠቀችው የማይታይ መቀነት
ሲላላ፣ ሲጠብቅ፣ ሲነዝር መመዝገብ ነው፣ ቀንና ሌሊት።

ከማዶ ጉብታ ግሪሻ አለ፤ አንቴናውን ወደ ላይ ገልብጦ
የኮከቦችን ሹሹታ ይለካል፣ ከማራገቢያ ሥር ተቀምጦ።
ንግግር አይደለም፤ አሸዋ ወረቀት ላይ ሲፈስ፣ እንደዚያ ያለ።
«ቩባንቺ» ይለኛል፤ ውባንቺ ማለት ምላሱን እንቢ እንዳለ።
ሦስት ዓመት፣ ሰላምታችን በስልክ አንድ ናት፤ ጤና እንኳ አንጠያየቅ፦
«ያንቺ ነዘረ?» «ያንተስ ቀነሰ?» ከዚያ ዝም። ጠቅ።

አንድ የሐምሌ ሌሊት መርፌዬ ዘለለ፤ ልቤም አብሮት ዘለለ።
ደወልኩ። «ሰማዩ እንደ ወትሮው ነው፤ እኔ ጋ ምንም የለ።»
ወጥቼ ባትሪ ባበራ፣ የዋሊያ ዘመድ፣ አንገቱ ላይ የብረት ቀለበት፣
ጀርባውን ያካል ከግድግዳዬ፣ በባለርስት ኩራት።
አንድ ምስክር አይረታም የሚሉት ለካ ለዚህ ነው።

በጥቅምት ግን፣ ቀትር ላይ፣ መርፌው ከመስመሩ ወጣ፤
አንዲት መንጠቆ ሣለ፣ ጥፍር የማታህል። ስልኩ ከኔ ቀድሞ መጣ፦
«ሳሳብኝ! ሹሹታው ሳሳ፤ ከላይ አንዱ ጠጣ።»
ፀሐይ ላይ እሳት ፈንድቶ፣ አናታችን ላይ ያለው ስስ አየር
ተጠምቶ ኖሯል፤ የሚያልፍበትን ድምፅ ሁሉ ይውጥ ጀመር።

ኮከቦቹ ዝም አላሉም፤ ይኼ ይሰመርበት ከሥሩ፤
ተናግረዋል፤ ቃላቸው ነው የተዋጠው፣ ሳይደርስ ከበሩ።

በዚያው ቀን ማታ፣ ይሩሃም፣ አባቴ ቤት።
የወንድሜ ልጅ ኤልያቭ፣ ለትምህርት ቤት ሥራ፣ ደብተሩን ዘርግቶ፦
«አባባ፣ ወደ ሱዳን ስትነሱ ስንት ነበራችሁ?» «ሰባት» አለ፣ ቶሎ፣ ቀና ብሎ።
«ስንት ደረሳችሁ?»

ብርጭቆው ጠርዝ ላይ ጣቱ፣ አንዲት መንጠቆ ያህል፣ ነዘረ።
ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ድምፁ የት እንደቀረ
አላውቅም፤ መንገድ ላይ፣ ከእኛና ከእሱ መካከል፣ በሆነ ከፍታ።
ማቀዝቀዣው ብቻ ያጉረመርማል። ጎረቤት በር ዘጋ። ጸጥታ።

ልጁ እርሳሱን አነሣ፣ «አያስታውስም» ብሎ ሊጽፍ።
እጁን ያዝኩት።
«ቆይ። መስመሩን ባዶ ተወው፤ ሰዓቱን ብቻ ጻፍ።»