ጭው

ድሮ፣
ከጣርማ በር ዋሻ አንድ አይሱዙ ሲወጣ፣
ጭጋግ ተከናንቦ ቁልቁል ሲመጣ፣
እኔ ደብረ ሲና፣ ጋራዤ ደጃፍ ላይ፣
ማርሹን እሰማለሁ፣ መብራቱን ሳላይ።
«ኑርዬ ነው» እላለሁ፣ «ሲሚንቶ የጫነው፤
ሦስተኛ ሲገባ የሚያቃስት የርሱ ነው።»
ሰው ይወራረዳል፣ እኔ እበላለሁ፤
ካቻቢቴ ይዤ ሞተር አደምጣለሁ፦
ጫፉ ብረቱ ላይ፣ እጀታው ጆሮዬ፣
«ይቺ ቫልቭ ናት» ስል አይስትም ቃሌ።

አልዋሽም፤ ማንም በግድ አላጎረሰኝ።
ሌሊት ልሠራ ነው ጫት የጀመረኝ፣
ከሸዋ ሮቢት፣ ከነዙርባው ሲደርሰኝ።
እንቅልፍ ሸሸ፤ ብሎን ስፈታ ነጋ፣
ወገቤ ግን ታመመ ከመኪና ሥር ስተጋ።
አንዱ ሹፌር ነጭ ፍሬ ሰጠኝ፣ «ለወገብህ» ብሎ፤
ወገቤ ዳነ፣ ፍሬው ኪሴ ቀረ ተደላድሎ።
አንድ፣ ሁለት፣ ስድስት፤ በሻይ፣ በአረቄ፣ በባዶ ሆድ፤
ደስ ሲል!
ዓለም በዘይት የታሸ፣ ሳይንኳኳ የሚሄድ።

አንድ ሌሊት ታዲያ ጆሮዬ ጭው አለ።
እናቴ ትል ነበር፦ «በቀኝ ከሆነ ደግ ወሬ አለ።»
ጠበቅኩ። ወሬው አልመጣም፤ ጭውታው ግን ቀረ፣
በግራም በቀኝም ጎጆ ሠርቶ አደረ።

ጭው ያለ ገደል አውቃለሁ፤ አገሬ አፋፍ ናት።
ጭው ያለ በረሃ አውቃለሁ፤ ቁልቁል አዋሽ ድረስ ያላት።
ጭው ያለ ጆሮ ግን
ወለሉ አይታይም፤
ድንጋይ ብትጥልበት ሲያርፍ አይሰማም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ።
ባዳስ ደግ፤ ሲሄድ ይሰናበታል።

በጥር ኑርዬ ሽንኩርት ጭኖ፣ ሽቅብ ሊወጣ
«የኋላ ግራ ትጮሃለች፣ ኩሽኔታው ይሆን?» ሲል መጣ።
በክሪክ አንስተን ጎማዋን አሽከረከርናት።
ካቻቢቴውን ደገንኩ። ጭው።
አነሳሁት፤ በሌላው ጆሮ። ጭው።
ኑርዬ ፊቴን ያያል።
ሙሄ፣ ረዳቱ፣ ፊቴን ያያል።
«ደህና ናት» አልኩ።
(እኔ ነበርኩ እኮ የማልስተው።)

ሦስተኛው ኩርባ ላይ ጎማው ወልቆ ሄደ፤
ቀድሞ ሽንኩርቱ ነው አሉ ከተማ የወረደ፣
በጨረቃ እየዘለለ፣ ቀይ፣ እንደ ሠርገኛ።
ሰው አልሞተም። የሙሄ እግር ከሁለት ቦታ ተሰበረ።
ሲጮህ አገር ሰምቶት ነበረ።
እኔ ከታች፣ በሬን ከፍቼ፣ በጎኔ ተኝቼ፣
አልሰማሁም።
ወይስ ሰምቼ፣
የራሴ ጭውታ መስሎኝ ተገላብጬ?

ደብረ ብርሃን ብርዱ ጥርስ ያፋጫል።
ሐኪሟ ጠባብ ክፍል አስገብታ ማዳመጫ ደፋችብኝ፤
በእጄ ቁልፍ፦ ድምፅ ስሰማ እንድጫን።
ተጫንኩ።
ትንሽ ቆይቼ ተጫንኩ።
እንደ ፈተና ኮራጅ ፊቷን እያየሁ፣ ደግሜ ተጫንኩ።
ከመስታወቱ ማዶ ብዕር አንስታ ጻፈች፣
ወረቀቱን ለጠፈችልኝ፣ በትልልቁ፦
«ገና አልጀመርኩም።»

ጫቱ ነው? ፍሬው ነው? ወይስ የሃያ ዓመት ሞተር?
ለይቶ መማል ይቸግራል፣ ብላ ጻፈች፤
ፍሬው ግን እንዲህ ያደርጋል፣
አቁም፣ የቀረችህን ታተርፋለህ።
በሬሳ ድልድይ ላይ ኪሴን ገለበጥኩት።
አምስቱ ሰመጡ፤ አንዷ ከስፌቱ ሥር ቀረች።
ማታ እሷንም ዋጥኳት።
የመጨረሻዬ ነበረች፤ ብታምኑም ባታምኑም።

ዘጠኝ ወር ሆነኝ። ጭውታው አለ።
ልጄ ሶስና ከኋላዬ «አባዬ» ብላ ብላ ደከማት፤
አሁን የጋራዡን ሳንቃ በጫማዋ ትደልቃለች፣
ሦስቴ፣ ቶሎ ቶሎ፣
እኔም በተረከዜ ሰምቼ እዞራለሁ።

ትናንት ሳንቃው አንድ ጊዜ መታኝ፣
ዘግየት ብሎ፣ ደግሞ አንድ ጊዜ።
የልጄ እርምጃ አይደለም።
እንጨት ነው፣ ጫፉ ላይ ላስቲክ ያለው፣
ከባድ ሰው የተደገፈው።
ሳልዞር አወቅሁት፤
«ሙሄ ነው» አልኩ፣
ድሮ ከዋሻው አፍ መኪና እንደማውቀው።

ማንም አልተወራረደም።