እጄን የት ላኑረው

ከኸሰብ ወደብ ስንወጣ፣ በሐምሌ ሐሩር፣ በማለዳ፣
እኔም ከጓዙ ጋር ነበርኩ፤ እንደ በረዶው ሣጥን፣ እንደ ሐብሐቡ፣ እንደ ዕዳ።
የሕፃኑን ጫማ በጥርሴ ይዤ፣
በጠባብ ሳንቃ ተጉዤ።
"ለንጅ" ይሏታል እነሱ፤ የእንጨት ጀልባ ናት፣ ሆደ ሰፊ፣
እንደ ጠገበች ላም ቀስ ባይ፣ ለነገር የማትቸኩል፣ ቀን አጥፊ።

ወጥ ቤት ልግባ ብል ዳድ ከሪም፣ ባሉቹው ወጥ ሠሪ፣
ጭልፋውን እንደ ጦር ሰብቆ፦ "ሂጂ፣ ተቀመጪ፤ ማዕበል ቁጠሪ።"
የሚጠረግ ወለል የለም፤ ባሕሩ ራሱ ያጥበዋል።
የተሰጣውን ልብስ ነፋሱ ያገላብጠዋል።
ሰባት ዓመት ሥራ የለመደ እጅ
ጭኔ ላይ ቁጭ ብሎ ዐይን ዐይኔን ያያል፣ እንደ ሰው ቤት ልጅ።

እጄን የት ላኑረው?

ኾር ማለት ባሕሩ ነው፣ ተራራ ሆድ ሲገባ፣
ጫማውን ደጅ አውልቆ፣ በጣቱ ቆሞ፣ እንደ ሌባ።
ነኾዳው ኸልፋን ሞተሩን አጠፋ፤ መልሕቁን ጣለ።
ትንሹ ሱሄል፦ "መቼ ነው የምንደርሰው?" አለ።
"ደርሰናል" አለ ሽማግሌው።
"የት?"
"እዚህ።"
ልጁ ዙሪያውን ቃኘ፦ ድንጋይ፣ ውሃ፣ አንዲት ፍየል፣ አንድ የተዘጋ ቤት፤
ፊቱ ጠቆረ፤ ይኼ ነው እንዴ መድረስ ማለት?

ስሜን ጠየቀኝ ነኾዳው። "ሽታዬ" አልኩት። ሳቀ።
"ሺታ በእኛ ክረምት ነው፤ ብርድ ነው" አለ፣ ላቡን እየጠረቀ።
"በዚህ ንዳድ ክረምትን ማን ጫናት ከሣጥኑ ጋር?"
እኔም ሳቅሁ፤ በእኛስ ሐምሌ ክረምት አይደል? ጭቃ፣ ጉም፣ የጣራ ቆርቆሮ የሚያንኳኳ ዝናም ሲያድር።

ከሰዓት በኋላ ሁለተኛው መቆሚያ፣ የሽቦዋ ደሴት፤
ፈረንጆች ድሮ ባሕር ሥር ገመድ ቀበሩ አሉ፣ ወሬ የሚሄድበት።
ጠባቂዎቹ ከዚያች ቋጥኝ ላይ፣ የዓለምን ወሬ እያሳለፉ፣
የራሳቸው ሳይመጣ ቀርቶ፣ አእምሯቸው ዞሮ አረፉ።
ስልኬን አወጣሁ። መስመር የለም።
እኔ ግን አላበድኩም።
ወንድሜ "ላኪ" አይለኝም፤ አክስቴ "ጠፋሽ" አትለኝም ዛሬ፤
ሦስት ቀን ሙሉ ማንም አይስበኝም በወሬ።

ያቺ ኃይለኛ እመቤቴ፣ ነጅያ፣ ልብሷን ለብሳ ውሃው ላይ ተንጋላ፣
ሰማይ ሰማይ እያየች ትስቃለች፣ ቁጣዋን ኸሰብ ጥላ።

ሦስተኛው ኾር ላይ መሸብን።
ዐለቱ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ጨለማ ላይ ይተነፍሳል፤
ፍየል አንድ ቦታ ታስላለች፤ ሌላ ድምፅ የለም፤ ዝምታው ራሱ ይሰማል።
ኸልፋን ከጎኔ ቆመ። እጄን አየው፤ እንደ ታመመ ዘመድ።
"ሥራ ፈቷል" አለኝ፤ "እንቺ" ብሎ አቀበለኝ ገመድ።

ገመድ የማውቀው ከጉድጓድ ነው፤ ወርዶ፣ ሞልቶ፣ ተስቦ የሚወጣ።
ይህ ግን ወርዶ የሚያርፍ ነው፤ ምንም ይዞ የማይመጣ።
ውሃውን ሲሰነጥቀው አረንጓዴ ፍንጣሪ ረጨ፤
በመዳፌ ሾለከ፣ አሥር ክንድ፣ ሃያ፣ ሠላሳ፣ ቆዳዬን እየፋጨ።
ነካ።
አንዴ ነዘረና ላላ።
የባሕርን ወለል ዳሰስኩት እኔ፤ ሳልጠርገው፣ ሳልወለውለው፤
እስኪነጋ ገመዱን ጨብጬ ተኛሁ። ማንም አልተቀበለኝ፤ ማንም "ምነው?" አላለው።

ኸሰብ ተመለስን። እሑድ ነው። ልብስ ስተኩስ ቤቱ ይዋልላል፤
ግድግዳው ወደ እኔ ይመጣል፣ ጠረጴዛው ወደ ኋላ ይላል።
የሱሄልን ሸሚዝ እጅጌ ሁለት ጊዜ ተኮስኩት፤ ሦስተኛውን ስጀምር፣
"ምን ነካሽ?" አለች ነጅያ፣ ከበሩ ሥር፣
ቁጣዋን ከጣለችበት አንሥታ።
እሷም ግን ጉበኑን ይዛለች፤
ወደ አንድ ጎን ዘመም ብላ፣ ሳታውቀው ተጠግታ።