ክፍል ሰባት

የግንቦት ፀሐይ ነው፣ ድሬ ስትጋገር፣
ዛፉ ከግድግዳ ጥላ ሲበደር።
"ማታ ሠርገኛ አለን፣ ከጅጅጋ የሚገባ፤
የሰባት ቁጥር ሻወር ይንጣ እንደ ጥጥ አበባ"
ብሎ ቁልፉን ሰጠን፣ ስልኩን ይዞ ገባ።

እኔ አንሶላ ላሰጣ ሰገነት ወጣሁ፣
ሳሚያን ከባልዲ ጋር ብቻዋን ተውሁ።
ሦስት ሳምንቷ ነው፣ ከመልካ ጀብዱ የመጣች፣
በሥራ የማትለግም፣ በወሬ የማትሰለች፤
ወለል ስትወለውል ፉጨት የማታቆም፣
እንደሷ ያለ ሰው ፎቁ አይቶ አያውቅም።

በረኪናው ያለው በሃይላንድ ጠርሙስ፣
አሲዱም ያለው በሃይላንድ ጠርሙስ፤
ስም የለው፣ ምልክት የለው፤
ሁለቱም ውሃ ነው ለሚያየው።
"አንዱ እንዲህ ካነጣ፣ ሁለቱስ ቢደመር?"
ብላ ደባለቀች። መስኮቱ ዝግ ነበር፤
አቧራ እንዳይገባ ከደቻቱ ዳር።

መጀመሪያ የቆመው ፉጨቷ ነው።
ቀጥሎ ሳል መጣ።
ደረጃውን ስወርድ ሽታው ቀድሞኝ ወጣ፤
ጉሮሮን እንደ ሚጥሚጣ፣
ዓይንን እንደ ሽንኩርት፣ ግን ከዚያ የከፋ፣
ደረት ላይ ቁጭ የሚል፣ ትንፋሽ የሚገፋ።

በሩን በትከሻዬ፣ ሻሼን ባፍንጫዬ።
ቁጢጥ እንዳለች ነው፣ ብሩሿን ጨብጣ፣
ዓይኗ ተጨፍኖ፣ ምራቋ ሲወጣ።
በብብቷ ይዤ ጎተትኳት በኮሪደሩ፣
ነፋስ ወዳለበት፣ ወደ ኒሙ ዛፍ፣ ወደ በሩ።

"ወተት!" አለ ዘበኛው። "ሎሚ!" አለች አንዷ።
ከጎረቤት ሮጣ ኢፍቱ ደረሰች፣ ነርሷ፦
"ወተቱን ተዉትና ልብሷን አውልቁላት፤
ዓይኗን በንጹህ ውሃ ሳትሰለቹ እጠቡላት፤
ቀና አድርጋችሁ ያዟት።
ሳሉ ቢበርድላት እንዳትታለሉ፣
ሐኪም ቤት ትደር ዛሬ፤ ያደባል አመሉ፤
ሳንባ ውስጥ ውሃ የሚያቁረው ሌሊት ነው።
ከአየርም ይከብዳል፣ ወለል ላይ ይተኛል፤
ቁጢጥ ብሎ የሚሠራን ቀድሞ ያገኛል።"

ቁጢጥ ብሎ የሚሠራን።

ሠርገኛው ማታ መጣ፤ ስምንት ቁጥር ተሰጠው።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ሽታ ለብሻለሁ፤
ጣቴ ተላልጧል፣ ጠዋት ጠዋት አስላለሁ፤
የንጽሕና ሽታ ነው ብዬ አምኜዋለሁ።
ለሳሚያ አንሶላ አስተጣጠፍ፣ ትራስ አደራረብ አስተማርኳት፤
"መስኮት ክፈቺ" ማለት፣
ሁለት ቃል፣
ከአፌ አልወጣም።

አልረግመውም ደግሞ። አተት በገባ ዓመት፣
ሰፈሩ በሙሉ ሲመላለስ ሽንት ቤት፣
በጀሪካን ውሃ ላይ በጠብታ ተቆጥሮ
ያተረፈን እሱው ነው፣ በመጠን ታስሮ።

ሳሚያ ተመለሰች፣ በአሥራ ሁለተኛው ቀን።
ፉጨቱን ትጀምርና ግማሽ መንገድ ላይ
ትንፋሿ ይቀራል። ታርፋለች። ደግሞ ትጀምራለች።
ጠርሙሶቹ ላይ ጻፈች፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣
"አይቀላቀልም" ብላ።
እኔ ማንበብ አልችልም። ታውቃለች።
ከጽሑፉ ሥር መስኮት ሣለች፣
ክፍት።