ዝናብ አይጠበቅም

ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ቀና ብዬ ባይኔ፣
ሰማዩን ለስምንት እቆርሳለሁ እኔ፤
ሁለቱን ወስዶታል፣ በታቦር አናት ላይ፣
የተበተነ ጥጥ፣ ጥላ የሌለው ነጭ፣ ከሩቅ የሚታይ።
መጽሐፉ «ሲረስ» ነው የሚለው ይኼንን፤
ላንቃሞ ይስቃል፣ ዓሣ አጥማጁ ጎረቤቴ፣ እየሰፋ መረቡን፦
«የፈረስ ጭራ ነው፤ ሲረስ ምናባቱ?
ነፋሱን ንገሪኝ፤ ይነሣል ወይ ዛሬ? መቼ ነው ሰዓቱ?»

የሳምንቱ ትንበያ በስልክ ይመጣል፣
ከአዲስ አበባ፣ ከማታውቀኝ ሴት፤ ድምፅዋን ጉንፋን የያዘው ይመስላል።
እኔ እቀበላለሁ፣ በጠመኔ እጽፋለሁ፤
አሞራ ገደል ላይ፣ ከማኅበሩ ቢሮ ግድግዳ ሰሌዳ ሰቅያለሁ፤
ግማሹ ከጣራው ሥር የተጠለለ፣
ግማሹ ለፀሐይ፣ ለንፋስ የዋለ።

ማክሰኞ ክምሮቹ ከአላሙራ ጀርባ ብቅ አሉ በተራ፣
ከሥር በቢላ የተቆረጡ፣ ከላይ አበባ ጎመን፣ ያለ አትክልተኛ ያፈራ።
መልካም ጠባይ አላቸው፤ ጥላ ጥለው ያልፋሉ፣
በአባ ኮዳው ራስ ላይ፣ በተሰጣው ልብስ ላይ፤ አንዱንም ሳያርሱ ማታ ይሟሟሉ።

ረቡዕን አልጻፍኩትም።
ረቡዕ ልጄን አሞት ነበር፤ ሰማዩ ይኑር አይኑር አላየሁትም።
መዝገቡ ላይ ግን ሦስት አልኩ፣ ከስምንት ሦስት፣
ማንም የማይጠይቀው፣ ትንሽ ግራጫ ውሸት።

ሐሙስ ሴትየዋ አለች፦ «ደረቅ፣ ፀሐያማ፤»
ሁለቴ አስደገምኳት፣ መስመሩ እየተቆረጠ፣ በደንብ እንድሰማ።
ጻፍኩ፦ ዝናብ አይጠበቅም። በትልቁ፣ በነጭ ጠመኔ።
ላንቃሞ አነበበ። ከልጁ ከቡሪሶ ጋር ጀልባዋን ሲገፋ
ሰማዩን ቀና ብሎ አላየም፤ አመነ በእኔ።

ስምንት ሰዓት ግድም፣ ከዶሬ በኩል፣ አንዱ ክምር
ቁመት ይጨምር ጀመር፤ ይጨምር፣ ይጨምር።
አናቱ ተዘረጋ፣ እንደ አንጥረኛ መስፍ ሆነ ጠፍጣፋ፤
ሆዱ ጠቆረ፣ የሐይቁም ቀለም ጠፋ።
ስሙን አውቀዋለሁ፤ ፈተና ላይ ወድቄ አላውቅም በዚህ ስም፤
ግን ስም ማወቅ ጀልባ አይመልስም።
ከዚያ ወዲያ ሰማዩ ለስምንት አልተቆረሰም፤
ስምንቱንም ወሰደው፣ ፍርፋሪ አልተረፈም።

ዓሣ የሚበልቱት ሴቶች፣ ከነቢላቸው፣ ከቆርቆሮው ሥር ገቡ፤
አባ ኮዳዎቹ እንደ ዕድር ዳኞች አንገት ቀብረው፣ ዝም ብለው አሰቡ።
ማንም አልወቀሰኝም። ሁሉም ያዩ ነበር ሰሌዳውን፣
ጠመኔው እንደ ወተት እየወረደ ሲለቅ ቃሉን፦
ከጣራው የወጣው «አይጠበቅም» ታጠበ፤
ከጥላው የቀረው አንድ ቃል ብቻ ተነበበ፦
ዝናብ።
የእኔን እምቢታ ልሶ፣ የራሱን ስም ትቶ፣
ፈርሞ እንደሚሄድ ሰው።

አመሻሽ ላይ መጡ፣ በአንድ መቅዘፊያ፤
ቡሪሶ ውሃውን በጣሳ እየጨለፈ፣
የቀረው ገመዱ ብቻ፣ የመረቡ ማሰሪያ።
ከንፈሬን ሳላላቅቅ ላንቃሞ ቀደመኝ፦
«አንቺ ልክ ነበርሽ፤ የዋሸው ሰማዩ ነው፣» አለኝ።
ቢሰድበኝ በተሻለኝ። ስድብ ይደርቃል እንደ ልብስ፤
ይህ ግን ቤቴ ድረስ ተከተለኝ፣
እንደ ራሰ ጫማ በየርምጃው ሲያለቅስ።

መለኪያውን ቀዳሁ፦ ሠላሳ አንድ ሚሊ ሜትር፣ አንድ የሞተች ንብ ጨምሮ።
ወደ ረቡዕም ተመለስኩ፤ ሦስቱን ሰርዤ «አልታየም» አልኩበት፣
በቀይ፣ እንዳይቀር ተሰውሮ።

ዛሬ ደግሞ ሰኞ ነው። በታቦር ላይ ያው የፈረስ ጭራ።
ስልኩ ጠርቷል፤ የሴትዮዋ ጉንፋን ድኗል፤ ድምፅዋ የጠራ።
እጽፋለሁ። ላንቃሞ በብድር የገዛውን መረብ ትከሻው ላይ ጥሎ
ከኋላዬ ቆሟል፤ ጠመኔው ሲንጫጫ ያዳምጣል።
«ቦታ ካለሽ፣» ይላል፣ «ከጣራው ሥር፣ ከማይርሰው ወገን፣
‹ምናልባት› የምትባለዋን አስቀድመሽ ጻፊልን።»