ናፍታ የሚሸጡ ኮከቦች

ኮምቦልቻ፣ በርበሬ ወንዝ፣ ከጋራዡ ጀርባ፣
የቀን ፈረቃ ሲወጣ፣ የማታው ሲገባ፣
እኔ ደብተር ዘርግቼ፣ ባለ ካሬ መስመር፣
ልወጣ አቅጃለሁ ከፀሐይ ሰፈር።

ጨዋታ ነው፣ አዎ፤ ባሮጌ ኮምፒውተር፣
ማራገቢያው እንደ ወፍጮ የሚያጓራ።
ሰማዩ ግን አያልቅም፣
ብትቆጥሪው ሌሊቱን ሙሉ፣ ተራ በተራ።

መድረሻዬ ስም የላትም፤ ፊደል ናት እና ቁጥር፣
ከጋላክሲው ጠርዝ የቆመች፣ እንደ መጨረሻ አጥር፤
አራት መቶ አሥራ ሁለት ዝላይ ነው ስቆጥር።

በማስመሪያ ቀጥ አድርጌ አሰመርኩና
«አለቀ» አልኩ፤ አላለቀም ገና።
አጎቴ ሙሄ ገባ፣
ከመግሪብ ሲመለስ፣ መነጽሩ ባንገቱ፣
ደብተሬን ሳብ አርጎ መንገዴን ተከተላት በጣቱ።

ሃያ ሁለት ዓመት አሰብ ተመላልሷል፤
ባቲን በሌሊት፣ ሚሌን ጎህ ሳይቀድ፣
ሎግያ፣ ሰርዶ፣ ዶቢ፣ ኤሊዳር፣ ማንዳ፣ ቡሬ፣
ተሳቢ እየጎተተች፣ እያቃሰተች ኤንትሬ።
(የመርከቤም ስም እሱ ነው። አልነገርኩትም።)

«ናፍታ የት ነው?» አለኝ።
«ከኮከቡ። ጠጋ ብዬ እቀዳለሁ፣ ሳልቃጠል።»
«ከሁሉም?»
«ከሁሉም አይደለም። ነጩ ይሰጣል፣ ቢጫው ይሰጣል፣
ቀዩም ቢሆን አይነፍግም፤
ቡናማው ግን ፍም ነገር ነው፣ ይሞቃል እንጂ አይቀዳም።»
ሳቀ። «አወቅኩት! የማውቀው ማደያ ነዋ፣
አምፖሉ ቦግ ብሎ በርቶ፣ ናፍታ ጠብ አይል ለወሬ!»
ቀማኝ እርሳሴን ከጆሮዬ፣
ሰባበረው ቀጥ ያለውን፣ እንደ ሐረጎ ጥምዝምዝ፣
አንዱን ኮከብ ዘለለ፣ ሌላው ጋ ሄደ ሲጓጓዝ።

«ቀጥ ያለ መንገድ ካርታ ላይ ነው የሚያምር።
ከዚህ ወዲያ መመለስ የለም የሚባል ቦታ አለ፤
እሱን ሳታውቂ ሞተር አታስነሺ።»

በኅዳጉ ጻፈ፣ ባጭር ባጭሩ፣
«እዚህ እደሪ።»
«ይቺን በሌሊት እለፊ፣ አይቻልም ሐሩሩ።»
«እዚህ ሰው ጠይቂ።»
«ሰው የለም፣ አጎቴ። ስልሳ ሺህ የብርሃን ዓመት፣
አንድ ሰው የለም።»
«ባይኖርም ጠይቂ» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

ከዚያ ዕቃ አስቆጠረኝ፦
ስኮርታ፣ ሁለት። ክሪክ። ውሃ በጀሪካን። ሽቦ።
ጎማ እኮ የላትም ልለው አፌን ከፈትኩና
ጻፍኩት። ስኮርታ፣ ሁለት።

«ኬላስ አለው?»
«የለውም።»
«ምንም?»
«ምንም። ማንም አያስቆምም።»
እርሳሱን አስቀመጠ።

ተሳቢዋ አሰብ ናት፤ ድንበር የተዘጋ ሰሞን
«ለሳምንት ነው» ብለውት፣ ከነሸራዋ፣ ከነገመዷ፣
እንደቆመች ቀረች፤ ያ ሳምንት አልሞላም።
ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት። እሱ አያነሳውም።

ተነሣን። ወንበር ስቦ በረዳት በኩል ተቀመጠ፣
ደብተሩ ጭኑ ላይ፤ በየዝላዩ አንድ ጭረት።
ሲያልፍ ሰማያዊ፣ ሲያልፍ ሁለት የተቃቀፉ ቢጫ፣
«ቀስ» ይለኛል፣ «ቀስ»፣ እግሩም ወለሉ ላይ
የሌለ ፍሬን ይረግጣል።

ሠላሳ ሰባተኛው ላይ፣ ስንቀዳ፣ መብራት ሄደ።

ሰፈሩ በሙሉ ጭልም። ወዲያ ማዶ የፋብሪካው ጄኔሬተር
ሁለቴ አስሎ ተነሣ፤ ከሥሩ ቦርከና ይሰማል።
ኮከባችን አጠገብ፣ ታንኳ ግማሽ የሞላች ኤንትሬ
ከነፊቷ ጠፋች።

ሳቅሁ፤ አልሳቀም።
በጨለማው ውስጥ ድምፁ መጣ፣ እንደ ሥራ ድምፅ፣
«ያቆምሻት ቁልቁለት ላይ ነው?»
«እኔ እንጃ።»
«ጎማው ሥር ድንጋይ አድርገሻል?»
ትንሽ ቆየሁና
«አድርጌያለሁ» አልኩት።