የክንድ ሚዛን

ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዓሣ ተራ ዞሮ፣
በነሐስ መለኪያው ሌባ ሚዛን ሰብሮ፣
ጡረታ የወጣው ዶን ኤባሪስቶ፣
ቫልፓራይሶ ወደብ፣ ክሊኒክ ተጠርቶ፣
ክንዱን ዘረጋ።

አንዲቱን ማዳመጫ ለሁለት ተጋርተው፣
ኢርማና ሶኮሮ በካርቶን ተለያይተው፣
የሰሙትን ቁጥር ተደባብቀው ጻፉ፦
መቶ አርባ ስድስት። መቶ አርባ አራት።

አዲሱ መሣሪያ ተነፍቶ፣ አጓርቶ፣
መቶ ሠላሳ አንድ ጻፈ ተኩራርቶ።
ሶኮሮ አፈረች፤
«አይንቀሳቀሱ፣ እንድገመው» አለች።

ሽማግሌው ሳቀ፦
«ነጋዴውም እንዲሁ ነበረ የሚለኝ፣
‹ዓሣው ተወራጭቶ ነው፣ አንዴ ድገምልኝ›።
አሁን ደግሞ በተራ ነሐስ አደረጋችሁኝ።
ነሐስ ቢዳስሱት ግራም አይጨምርም፤
የኔን ክንድ ግን ማንም ሦስት ዓመት አልያዘውም፤
እሱንም ጻፊልኝ።»